ያልተጻፈ ወለድ

አዲስ አበባ ውስጥ መኪና ሊገዛ ያሰበ ሰው ምክር አይቸግረውም። ቀለም የሚመርጥለት አለ፤ “ነጭ ውሰድ፣ ቶሎ ይሸጣል” ይለዋል፣ ገና ሳይገዛ መሸጡን እያሰበለት። ባትሪው በአንድ ቻርጅ አዳማ ደርሶ ይመለስ እንደሆነ የሚያሰላለት አለ፤ አዳማ ጉዳይ ይኑረው አይኑረው የጠየቀው ባይኖርም። ደላላው ያውቃል፣ የሰፈሩ መካኒክ ያውቃል፣ ዕድሜውን ሙሉ መሪ ጨብጦ የማያውቅ የቢሮ ባልደረባም ዩቲዩብ አይቶ ያውቃል። ጉባኤው ጸጥ የሚለው አንድ ጥያቄ ሲነሳ ብቻ ነው፤ ገንዘቡ ከየት ይመጣል? እዚህ ላይ ሁሉም ቡናውን ይጠጣል። ቢበዛ አንዱ “እሱ ያውቃል” ብሎ ወደ ላይ ይጠቁማል። ነገር ግን የመኪናው ቀለም ባያምር ዓይን ይለምደዋል፤ ገንዘቡ የመጣበት መንገድ ካላማረ ግን ባለቤቱ በየወሩ መጨረሻ፣ አንዳንዴም በየቤተዘመድ ጉባኤው፣ እንደ አዲስ ይገዛዋል።

የዚህ ወግ ክርክር አንድ ነው። ያለ ወለድ የሚገኝ ገንዘብ የለም። ባንክ ወለድ ይጠይቃል፣ ዕቁብ ይጠይቃል፣ አጎት ይጠይቃሉ፣ ከማንም ሳይበደሩ ቆጥቦ መጠበቅም ራሱ ይጠይቃል። ልዩነቱ አንዱ ወለድ መጠኑና ማብቂያ ቀኑ በወረቀት ሰፍሮ ይፈረምበታል፣ ሌላው ሳይጻፍ ዕድሜ ልክ ይቆጥራል። ስለዚህ ገዢው መጀመሪያ ወለዱ የተጻፈውን ገንዘብ ይፈልግ፤ ከተጻፉት መካከል ደግሞ ያነሰውን ይምረጥ። ብዙ ሰው ቅደም ተከተሉን ይገለብጠዋል፤ ያነሰውን ፍለጋ ሄዶ ያልተጻፈው ላይ ይወድቃል። ለሒሳብ እንዲመቸን የመኪናውን ዋጋ 3 ሚሊዮን ብር እናድርገው። ገዢው በእጁ 1 ሚሊዮን አለው፤ ከደመወዙና ከጎን ሥራው በወር 50 ሺህ ብር መለየት ይችላል። በወር 50 ሺህ ብር የሚተርፈው ማን ነው የሚል አንባቢ ቢኖር ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ፣ የ3 ሚሊዮን ብር መኪና የሚያማርጠው ያው ሰው ነው።

ከተከበረው መንገድ እንጀምር፤ ቆጥቦ በእጅ በእጅ መግዛት። ዕዳ ከሜዳ ሲባል እየሰማ ያደገ ሰው ከሁሉ የሚመርጠው ይህን ነው፣ ማንም አይፈርድበትም። ገንዘቡ ዛሬውኑ ሙሉ ከሆነ ደግሞ ይግዛና ይሂድ፤ ይህ ወግ እሱን አይመለከተውም። የጎደለው 2 ሚሊዮን ብር በወር 50 ሺህ ሲጠራቀም ግን 40 ወር ይፈጃል። ብሔራዊ ባንክ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ አድርጓል፤ በ2014 ዓ.ም. ግን የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ሲወጣ ብዙ ቆጣቢ ደብተሩን ይዞ የቀረው በዚያችው 7 ላይ ነበር። ያን ያህሉን ክፉ ዘመን ትተን ዋጋ በዓመት 15 በመቶ ብቻ ይጨምራል ብለን እናስላ። ከ40 ወር በኋላ ቆጣቢያችን ከነወለዱ 3 ሚሊዮን ተኩል ገደማ ይዞ፣ ደረቱን ነፍቶ ወደ መኪና መሸጫው ይሄዳል። መኪናው 4 ሚሊዮን 780 ሺህ ገደማ ሆኖ ይጠብቀዋል። ይህ የ1 ሚሊዮን 270 ሺህ ብር ጉድለት የመጠበቅ ወለድ ነው። ማንም አላስፈረመውም፣ ማንም ደረሰኝ አልሰጠውም፣ በዚያ ላይ 40 ወር ሙሉ የተጓዘው በታክሲ ነው።

“ዋጋ ሁልጊዜ ይጨምራል ያለው ማነው? የኤሌክትሪክ መኪና በዓለም ገበያ እየረከሰ አይደል?” የሚል ይኖራል፤ እውነት አለው። ግን መኪናው የሚገባው በዶላር፣ የሚሸጠው በብር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ በዋዜማው 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በዚያው ቀን በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ 74 ብርን አለፈ፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ደግሞ 100ን ተሻገረ። በዚያ ክረምት ለመኪና የሚቆጥብ ሰው ያጠፋው ጥፋት የለም፤ በየወሩ በታማኝነት አስቀምጧል። ፋብሪካው ዋጋ ቢቀንስለት እንኳ ምንዛሪው ቅናሹን መንገድ ላይ ይቀበለዋል። መጠበቅ አንዳንዴ ያተርፋል፣ አይካድም። ሆኖም ትርፉም ኪሳራውም በጠባቂው እጅ አይደለም፤ ስንት እንደሚከፍል ሳያውቅ ከፋይ ሆኗል።

ሁለተኛው መንገድ ዘመድ ነው። አጎት ሁለት ሚሊዮኑን ይሰጡና “በእኔና በአንተ መካከል ደግሞ ምን ወለድ አለ!” ይላሉ። በአገራችን የብድር ታሪክ ከዚህች የበለጠ ውድ ዓረፍተ ነገር አልተነገረችም። በመጀመሪያው ሳምንት ምርቃት ነው። በሁለተኛው ሳምንት አክስት ጥቁር አንበሳ ቀጠሮ አላቸው፤ ጠዋት 12 ሰዓት፣ “አንተ እኮ መኪና አለህ”። ቅዳሜ እህል በረንዳ የተገዛ ጤፍ አለ። እሑድ የአጎት ጓደኛ ልጅ ሰርግ ነው፤ መኪናው አበባ ይለጠፍበታል፣ ባለመኪናው ከረባት አስሮ ይነዳዋል፣ ምሳ ሲቀርብ ሙሽሮቹን ፎቶ ወደሚነሱበት መናፈሻ እያመላለሰ ስለሆነ አይደርስበትም። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ቦሌ የሚያርፍ እንግዳ አለ፤ ሻንጣዎቹ ደግሞ ከመቀመጫው ይበዛሉ። እምቢ ማለት አይቻልም፣ ምክንያቱም እምቢታው የሚሰማው ለጤፉ አይደለም፤ ለሁለት ሚሊዮኑ ነው።

በዚህ ላይ የቁጥጥር ሥራ አለ። ባንክ ተበዳሪው የት ምሳ እንደበላ አይጠይቅም፤ ዘመድ ግን የሒሳብ መርማሪ ሳይቀጥር በነጻ ያውቃል። ከሥጋ ቤት ሲወጣ የታየ ተበዳሪ፣ ልጁን የግል ትምህርት ቤት ያስገባ ተበዳሪ፣ ለፋሲካ ሙክት የገዛ ተበዳሪ ወሬው ከሱ ቀድሞ አጎት ቤት ይደርሳል። አጎት ራሳቸው አንዲት ክፉ ቃል አይናገሩም፤ “ደስ ይላል፣ ይብላ እንጂ” ብቻ ነው የሚሉት። ያቺ “እንጂ” የምትከፈለው በየትኛው ሒሳብ ነው? ዕዳው ተከፍሎ ካለቀ በኋላ እንኳ መኪናው በቤተሰቡ መዝገብ “እኔ የገዛሁለት” ተብሎ ይቀራል፤ ስሙ ከሊብሬው ይልቅ ጽኑ ነው።

እዚህ ላይ ሒሳብ የሚያውቅ ሰው ይቃወማል። “በብር ሲሰላ አጎት ይረክሳሉ። በሳምንት ሁለት ጊዜ ቢላኩት፣ እያንዳንዱ ጉዞ 500 ብር ቢገመት፣ በዓመት 52 ሺህ ብር ነው። ባንክ ለሁለት ሚሊዮን ብር በ18 በመቶ በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከ300 ሺህ በላይ ይወስዳል” ይላል። ስሌቱ ትክክል ነው፤ ግን ግማሹ ነው። አጎት ያበደሩት 2 ሚሊዮን ከ40 ወር በኋላ በአንድ ጊዜ ቢመለስላቸው፣ በዚያው በ15 በመቶ ንረት የሚገዛው ዛሬ 1 ሚሊዮን 255 ሺህ ብር የሚገዛውን ብቻ ነው። ከ700 ሺህ ብር በላይ በዝምታ ሰጥተዋል ማለት ነው። አጎት የምጣኔ ሀብት ምሩቅ ባይሆኑም ገበያ ይወጣሉ፤ ይህን በደንብ ያውቁታል። ያልተጻፈውን በትዝብት፣ በልመናና በትእዛዝ ቢሰበስቡት ሊፈረድባቸው አይገባም። ጥፋቱ የሳቸው አይደለም፤ ስጦታውን ስጦታ፣ ብድሩን ብድር ብሎ የለየ ወረቀት አለመኖሩ ነው። ማንም ስንት እንደቀረው ስለማያውቅ፣ ተበዳሪው ሁልጊዜ ብዙ የከፈለ ይመስለዋል፣ አበዳሪው ሁልጊዜ ጥቂት የተቀበለ ይመስለዋል።

ሕግ አውጪዎቻችን ይህን ቀድመው አስበውበታል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ በቁጥር 2472፣ ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፣ ወይም ፍርድ ቤት ፊት በሚሰጥ የእምነት ቃል ወይም መሐላ ካልሆነ በቀር ሊረጋገጥ አይችልም ይላል። በዚያ ዘመን 500 ብር ትልቅ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ ለሁለት ሰው ምሳ መብቃቱ ያጠራጥራል። ሕጉ ግን አልተለወጠም፤ ሁለት ሚሊዮን ብር በምርቃት ብቻ የሚያበድር ሰው ከሕጉ ወሰን አራት ሺህ እጥፍ አልፎ ሄዷል። ያው ሕግ ሰዎች እርስ በርስ ሲበዳደሩ ወለዱ በዓመት ከ12 በመቶ እንዳይበልጥ ይከለክላል። የአጎት ወለድ 12 ይሁን 20 ዳኛ ሊለካው አይችልም፤ በመቶኛ የተተመነ አክስትን ሐኪም ቤት ማድረስ እስካሁን አልታየም።

ዘመዱ ውጭ አገር ያለ እንደሆነ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። ሜሪላንድ ወይም ዱባይ ያለ ወንድም ጤፍ አያስጭንም፤ ቢያንስ እስኪመጣ ድረስ። “ስትችል ትመልስልኛለህ” ይላል፣ ከልቡ ነው። ግን የላከው ዶላር ነው፣ የሚጠብቀውም ዶላር ነው። በባንክ በኩል 10 ሺህ ዶላር ተልኮለት በ570 ሺህ ብር የመነዘረ ሰው፣ ከሐምሌ 2016 በኋላ ያንኑ 10 ሺህ ዶላር ለመመለስ ከ1 ሚሊዮን ብር በላይ ማውጣት ነበረበት። ወንድም ምንም ወለድ አልጠየቀም፤ ዶላሩ ጠየቀ። በብር እመልሳለሁ ቢል ደግሞ ኪሳራው ወደ ወንድም ይዞራል፤ እሱም ሁለት ሥራ እየሠራ ያገኘውን ገንዘብ ግማሽ ሆኖ ሲያየው በቪዲዮ ጥሪው ላይ ዝም ማለት ያበዛል። ገንዘቡ ሲላክ በየትኛው ገንዘብ እንደሚመለስ አንድ መስመር ቢጻፍ ኖሮ፣ ሁለቱም ቢያንስ በማን ላይ መበሳጨት እንዳለባቸው ያውቁ ነበር።

ሦስተኛው ዕቁብ ነው፤ እዚህ ጋ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም ዕቁብን የሚተች ሰው በየሰፈሩ ወዳጅ ያጣል። በእርግጥም ድንቅ ተቋም ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል፤ ዕቁብ ይህን ተረት ወደ ጥሬ ገንዘብ ለውጦታል። ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ዕጣ የደረሰው ሰው ዋስ ካልጠራ አይበላም፣ መዋጮ ያዘገየ ይቀጣል። የንግድ ባንክ ቅርንጫፍ ከመኖሩ በፊት የነበረ፣ ካለም በኋላ ያልጠፋ ሥርዓት ነው። ታዲያ “ዕቁብ ወለድ የለውም” የሚለው አባባል ትክክል ነው? 24 ሰዎች በወር 50 ሺህ የሚጥሉበት ዕቁብ እንውሰድ፤ ዕጣው 1 ሚሊዮን 200 ሺህ ብር ነው። በመጀመሪያው ወር የደረሰው ሰው ገንዘቡን በሙሉ ዋጋው ያገኛል። የመጨረሻው ሰው የሚቀበለው ያንኑ 1 ሚሊዮን 200 ሺህ ነው፤ ዋጋ በዓመት 15 በመቶ ከጨመረ ግን የሚገዛለት ዛሬ 920 ሺህ ብር ገደማ የሚገዛውን ነው። የመጀመሪያው ተበዳሪ፣ የመጨረሻው አበዳሪ ሆነዋል፤ ማን የትኛውን እንደሚሆን የወሰነው ደግሞ የተጠቀለለ ወረቀት ነው።

የማያምን ካለ ማስረጃው እዚያው ዕቁቡ ውስጥ ነው። በብዙ ዕቁብ ዕጣ ይሸጣል። ለገንዘቡ ያልቸኮለ ባለዕጣ፣ ሰርግ ወይም መኪና ከደረሰበት ሌላ አባል ጋር ተራውን በትርፍ ይለውጣል፤ ገዢው የትርፉን ብር ከፍሎ ዕጣውን ዛሬ ይበላል። ገንዘብን ዛሬ ለማግኘት ተብሎ የሚከፈል ትርፍ በባንክ ቤት ሌላ ስም አለው። ይህ ዕቁብን አያሳንሰውም፤ እንዲያውም ያስከብረዋል። መዋጮው፣ የዕጣው መጠን፣ የሚያልቅበት ወር፣ የዕጣው መሸጫ ዋጋ ሁሉ በሰው ፊት ይወሰናሉ፣ ጸሐፊውም ይመዘግባል። ስለዚህ ዕቁብ ከአጎት ይልቅ ለባንክ ይቀርባል። ለመኪና ገዢ ያለበት ጉድለት አንድ ብቻ ነው፤ ተራው መቼ እንደሚደርስ አይታወቅም፣ የመኪና ሻጭ ደግሞ ዕጣ እስኪወጣ ዋጋ አይዝም። የመጀመሪያ ክፍያ ለሌለው ሰው እሱን ለመሰብሰብ ከዕቁብ የሚሻል መንገድ አላውቅም፤ ሙሉውን መኪና በዕቁብ መግዛት ግን ቀኑን ለዕጣ መስጠት ነው። በመሥሪያ ቤቱ የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር ያለው ሰውም ተመሳሳይ ዕድል አለው፤ አስቀድሞ መቆጠብ ይጠበቅበታል፣ ወለዱ ግን ተጽፎ ይሰጠዋል።

አራተኛው የሁሉም ሰው ክፉ ገጸ ባሕርይ ነው፤ ባንክ። ባንክ አይስቅም፣ አይመርቅም፣ “ቤተሰብ እንዴት ነው” ሲል የገቢ ማስረጃ ፈልጎ ነው። ሊብሬው እሱ ዘንድ ይቀመጣል፤ መኪናው ሙሉ የመድን ሽፋን እንዲገባ፣ ካሣ ቢኖር መጀመሪያ ለባንኩ እንዲከፈል ያስገድዳል። ዕዳው ሳይከፈል መኪናው አይሸጥም፣ አይለወጥም። በዚያ ላይ ገንዘብ የሚገኘው ሁልጊዜ አይደለም፤ ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የባንኮች የብድር ዕድገት በዓመት ከ14 በመቶ እንዳያልፍ ጣሪያ ሲያበጅ፣ ጣሪያው ኋላ ላይ ወደ 18 ከፍ ቢልም፣ ብዙ ተበዳሪ “ማመልከቻዎ ተቀባይነት አለው፣ ገንዘቡ ብቻ የለም” የሚል ጨዋ መልስ ሰምቷል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን ከዘረዘርነው ውስጥ ያልተጻፈ አንድም የለም። ተበዳሪው ሁለት ሚሊዮን ብር በ18 በመቶ ለአምስት ዓመት ቢወስድ፣ በወር 50 ሺህ 787 ብር ገደማ ለ60 ወር ይከፍላል፤ በ61ኛው ወር ባንኩ እሑድ ጠዋት ደውሎ ጤፍ አያስጭነውም።

“የ60 ወሩ ወለድ ሲደመር ግን ከ1 ሚሊዮን ብር በላይ ነው፤ ይህ ራሱ ሌላ መኪና ነው!” ይባላል። አዎ፣ 1 ሚሊዮን 47 ሺህ ገደማ ነው፣ ያማል። የሚያመውም ስለሚታይ ነው። የመጠበቁ ጉድለት 1 ሚሊዮን 270 ሺህ ነበር፤ እሱን ማንም ደምሮ ስላላሳየን አላመመንም። ደግሞ የተጻፈ ወለድ አንድ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ሊቀነስ ይችላል፣ ምክንያቱም ከምን እንደተሠራ ይታወቃል። ገዢያችን የ3 ሚሊዮኑን ትቶ የ2 ሚሊዮን 400 ሺህ ብር መኪና ቢመርጥ፣ ብድሩ 1 ሚሊዮን 400 ሺህ ይሆናል፤ በዚያው በወር 50 ሺህ 600 ብር አካባቢ እየከፈለ በሦስት ዓመት ይጨርሳል፣ ጠቅላላ ወለዱም 422 ሺህ ገደማ ብቻ ነው። ከዋጋው 600 ሺህ፣ ከወለዱ ደግሞ ሌላ 625 ሺህ ብር ቀረለት። ይህን ያህል ብር በአንድ ውሳኔ የሚያስቀር ድርድር ከአጎት ጋር ማድረግ አይቻልም፤ ለአጎት፣ ተበዳሪው ርካሽ መኪና ቢገዛም ጤፉ ያው አንድ ኩንታል ነው። አንድ ጥንቃቄ ብቻ አይረሳ፤ ወለዱ የሚሰላው በየወሩ በሚቀንሰው ቀሪ ዕዳ ላይ ነው ወይስ በመጀመሪያው ሙሉ ብድር ላይ? ሁለተኛው ከሆነ ያው 18 በመቶ በአምስት ዓመት 1 ሚሊዮን 800 ሺህ ብር ይሆናል። ሁለቱም ወረቀት ላይ “18 በመቶ” ይባላሉ፤ ስለዚህ የተጻፈ መሆኑ አይበቃም፣ መነበብም አለበት።

ሌላው ተቃውሞ ከሃይማኖት የሚመጣ ነውና በቀልድ አይታለፍም። ወለድ መክፈል ሕሊናው ለማይፈቅድለት ሰው “ዝም ብለህ ፈርም” ማለት ምክር አይደለም። ለዚህ ወለድ አልባ የባንክ አገልግሎት አለ፤ ሙሉ በሙሉ በዚህ መንገድ የሚሠራው የመጀመሪያው ባንክ፣ ዘምዘም፣ በ2013 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል፣ ሌሎች ባንኮችም መስኮት ከፍተዋል። በሙራባሃ ባንኩ መኪናውን ራሱ ገዝቶ፣ ትርፉን በግልጽ ተናግሮ፣ በተቆረጠ ዋጋ ለደንበኛው በክፍያ ይሸጥለታል። ትርፉ ከሌላው ባንክ ወለድ ሊያንስም ሊበልጥም ይችላል፤ ዋጋው ግን በፊርማው ቀን ይታወቃል፣ በኋላም አይንቀሳቀስም። ይህ የክርክራችን ተቃራኒ ሳይሆን ከሁሉ የጠራ ምሳሌው ነው። በሌሎቹ ባንኮች ብዙ ውል አበዳሪው ወለዱን ወደፊት እንዲለውጥ የሚፈቅድ አንቀጽ ይይዛል፤ ከዚህ አንጻር የሙራባሃው ወረቀት ይበልጥ የተጻፈ ነው።

“ሥራ ባጣስ? ባንክ መኪናውን ይወስደዋል” የሚለው ፍርሃትም መሠረት አለው። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ባንክ ያልተከፈለ ብድር መያዣን ፍርድ ቤት ሳይሄድ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ በሐራጅ መሸጥ ይችላል። ጨካኝ ይመስላል። ሆኖም የሚወስደው መኪናውን ነው፤ ከሽያጩ የተረፈ ካለ ለባለቤቱ ይመለሳል። አጎት መኪናውን አይወስዱም፤ የሚወሰደው የፋሲካ ግብዣ፣ የለቅሶ ቤት ሰላምታ፣ የእናት ዕንቅልፍ ነው። እነዚህን ደግሞ በሐራጅ ማንም መልሶ አይገዛቸውም። በተቃራኒው በኩል ያለው ብልጥም አለ፤ “ንረት ዕዳን ይበላልና የቻልከውን ያህል ረጅም ጊዜ ውሰድ” ይላል። ንረት ዕዳን የሚበላው ደመወዝ አብሮት ሲሮጥ ነው። ደመወዙ ቆሞ ዋጋው የሚሮጥበት ሰው ላይ ንረት መጀመሪያ የሚበላው ዕዳውን ሳይሆን ምሳውን ነው።

ረጅም ብድርን የሚያስፈራ ሌላም ምክንያት አለ፤ መኪናው ራሱ ተለውጧል። ድሮ ቪትዝ የገዛ ሰው አምስት ዓመት ነድቶ ከገዛበት በላይ ብር ይሸጠው ነበር፤ ለዚህ ነው አገሩ ሁሉ መኪናን እንደ ቁጠባ የሚያየው። በ2012 ዓ.ም. በወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 አሮጌ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ታክስ ሲጣል፣ ቀድሞ የገቡት ይበልጥ ተወደዱ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮጵያ በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ የከለከለች የመጀመሪያዋ አገር ሆነች። አዲስ የሚገባው የኤሌክትሪክ መኪና ነው፤ ከነዚህም ብዙዎቹ ለቻይና ገበያ ተሠርተው የመጡ ናቸው፣ ቻይና ውስጥ ብቻ እንዲሸጥ የተሠራው የቮልስዋገን አይዲ 6 ቦሌ መንገድ ላይ ሲሄድ እስኪታይ ድረስ። የባለቤቱን ትእዛዝ በቻይንኛ የሚቀበል መኪና ነው። በየዓመቱ ረጅም የሚሄድ ባትሪ ያለው ሞዴል ሲመጣ የአምናው ዋጋ ይጥላል፤ የፋብሪካው ዋስትና በግል አስመጪ ለገባ መኪና እዚህ መሥራቱም መጠየቅ ያለበት ነው። እንዲህ ያለ መኪና መጓጓዣ ነው፣ ቁጠባ አይደለም። ስለዚህ ብድሩ ባትሪው ገና ብርቱ ሳለ ማለቅ አለበት፤ ሦስት ዓመት መልካም ነው፣ ከአምስት ማለፍ ግን የሌላ ሰው መኪና በራስ ደመወዝ ማስታመም ነው።

እንግዲህ ምክሩን እንጠቅልለው። የመጀመሪያ ክፍያ የሌለው በዕቁብ ወይም በቁጠባ ማኅበር ይሰብስብ። ከመበደሩ በፊት የወር ክፍያውን ልክ ለስድስት ወር ለራሱ ይክፈል፤ በሦስተኛው ወር ከተንገዳገደ መኪናውን ያሳንስ፣ ተግሣጹን ከባንክ ይልቅ ከራሱ ደብተር መስማት ይሻላል። ቀሪውን በአጭር ጊዜ፣ በሚቀንስ ቀሪ ዕዳ ላይ ከሚያሰላ ባንክ፣ ወይም ዋጋው ከተቆረጠ ሙራባሃ ይውሰድ። “ታዲያ ዘመድ ለምን ተፈጠረ?” ለሚል፣ ዘመድ ለሕመም፣ ለሐዘን፣ ቤት ለተቃጠለበት ቀን ተፈጥሯል። ያን የመሰለ ገንዘብ ለቆዳ መቀመጫና ለሚከፈት ጣሪያ ማውጣት ብክነት ነው።

ሌላ መንገድ አጥቶ ወደ አጎት የሚሄድ ይኖራል፤ እሱም ይሂድ፣ ግን ወረቀት ይዞ። መጠኑ፣ የወር ክፍያው፣ የመጨረሻው ቀን፣ ለንረቱ የሚታሰበው ጭማሪ፣ ሁለት ምስክር። ከዚያ በታች አንድ ንዑስ አንቀጽ፤ “ተበዳሪ በወር አንድ የሐኪም ቀጠሮና አንድ የኤርፖርት እንግዳ ያደርሳል፤ ጤፍ በተናጠል ይታያል።” አጎት “እኔን ሳታምነኝ ነው?” ብለው ይቆጡ ይሆናል። ቁጣው አንድ ሳምንት ይቆያል። ፈርመው የተለያዩትን የወንድማቸውን ልጅ ግን በየዓመት በዓሉ ቤታቸው ያገኙታል፤ ያላስፈረሙትን አንዳንዴ የሚያገኙት በመስኮት መጋረጃ ስር ሲደበቅ ነው።